ያልተቀመጡት ሽማግሌዎች

ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን ዶርካስ የጥምቀት ልብሶቹን እየተኮሰች ነበር።

ረጃጅም ነጫጭ ልብሶች ናቸው። ቸርቻቸው በየዓመቱ መስከረም ላይ በሳን ኤልሞ ባህር ዳርቻ የውሃ ጥምቀት ሲያደርግ አዳዲሶቹ አማኞች ይለብሷቸዋል። ዘንድሮ ግን መስከረምን አልጠበቁም። አባቷ አቶ ንጋቱ ልብሶቹን ሁሉ ከሳጥን አስወጥተው "እጠቢያቸውና ተኩሻቸው፤ ሐሙስ ስብሰባው ላይ ለብሰናቸው እንገባለን" አሏት። "ባህሩ ዳር ሰው የለም የሚሉት ሰዎች እስኪ ሰው ይዩ።"

ሳን ኤልሞ ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን ያለ የገጠር ባህር ዳርቻ ነው። አርቲቾክ የሚባል አትክልት የሚበቅልበት እርሻ አለ፣ ጥቂት የዓሣ ጀልባዎች አሉ፣ ከገደሉ ሥር ደግሞ ማዕበል የማይበረታበት ትንሽ ወሽመጥ አለ። እዚያች ወሽመጥ ላይ አንድ ኩባንያ የባህር ውሃ እያጣራ ከተሞችን የሚያጠጣ ግዙፍ ጣቢያ ሊሠራ ተነሥቷል። ቱቦው በወሽመጧ ይገባል፤ አጥሩ ዳርቻውን ይዘጋል። ፈቃዱን የሚሰጠው ቦርድ ሐሙስ የሕዝብ ስብሰባ ጠርቷል። ገበሬዎቹና ዓሣ አጥማጆቹ "እኛ እያለን አይሆንም" አሉ። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ያለው የነዶርካስ ቸርችም አብሯቸው "አይሆንም" አለ፤ ከሁሉም በላይ አቶ ንጋቱ።

የቱቦውን ፕላን የሚሠራው ደግሞ ቶራንስ ካለ ቢሮ ጌድዮን ነው። ዶርካስ የምትወደው ጌድዮን። አገሩ ሁሉ መሐንዲስ ሞልቶ፣ ይሄ ሥራ እሱ ላይ ይውደቅ?

በሩ ሲንኳኳ ካውያውን እንደያዘች በመኝታ ቤቷ በር ክፍተት አጮልቃ አየች። ሦስት ሽማግሌዎች። ፊት ጋሼ ፍሬው፣ ቡናማ ሱፋቸውን ለብሰው፤ ከኋላቸው ጋሼ ሀይለገብርኤል ምርኩዛቸውን ይዘው፤ ቀጥሎ ጋሼ ሰልማን፣ የሐረር ቆባቸውን ደፍተው። በዚያ ሙቀት ሦስት ሽማግሌ ሱፍ ግጥም አድርጎ የአፓርትመንት ደረጃ የሚወጣው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ላከ! ሳይነግረኝ ላከ! ካውያውን ልብሱ ላይ አስቀምጣ ረሳችው።

"ግቡ፣ ግቡ፣ አረፍ በሉ" አሉ አቶ ንጋቱ።

"አንቀመጥም አቶ ንጋቱ" አሉ ጋሼ ፍሬው። "የመጣንበትን ተናግረን፣ እርስዎም እሺ ካላሉን ወንበር አንነካም። ወጉን ያውቁታል። የላከን ልጅ ጌድዮን ይባላል። ቶራንስ የሚሠራው ኢንጂነር። እርስዎም አይጠፋዎትም..."

"ይብቃ።"

አቶ ንጋቱ ሲናደዱ ድምፃቸው የሚቀንስ ሰው ናቸው። ያኔ እንኳ ዶርካስ ለመስማት ትንፋሿን መያዝ ነበረባት።

"ኩባንያው በኢሜይል ሞከረን። ምሳ ልጋብዛችሁ አለን። አሁን ደግሞ የገዛ ወጋችንን ተማረና ሽማግሌ ላከብን?"

"ኧረ አቶ ንጋቱ፣ ይስሙን እንጂ..."

"እናንተን አከብራለሁ። ለእናንተ ቤቴ ቤታችሁ ነው። ያ ልጅ የላከውን ቃል ግን አልሰማም። ሂዱና ባህሩን በሽማግሌ አንሰጥም በሉት።"

ጋሼ ሰልማን አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ጋሼ ፍሬው በዓይናቸው ከለከሏቸው። የሰው ሴት ልጅ ስም እንዲህ ባለ ቁጣ መሃል አይጠራም። ሦስቱም ቆመው እንደመጡ ቆመው ወጡ። የመኝታ ቤቱን ክፍል የጨርቅ ቃጠሎ ሽታ ሲሞላው ነው ዶርካስ ካውያው ትዝ ያላት። አንዱ ነጭ ልብስ ደረቱ ላይ ካውያውን የሚያህል ቡናማ ጠባሳ ወጥቶበታል።

ሮጣ ወጥታ "አባዬ፣ የመጡት ለኔ እኮ ነው!" ማለት ትችል ነበር። ሴት ልጅ ሽማግሌ በመጣበት ቤት ብቅ አትልም፣ ያ አንድ ነገር ነው። እግሯን የያዛት ግን ሌላ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ጌድዮን እየሳቀ "አለቃዬ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? የኮሚዩኒቲያችሁን ኤልደርስ፣ ሽማግሌዎቻችሁን፣ አምጣልንና እናናግራቸው አለኝ" ብሏት ነበር። "እምቢ አልኩት" ሲላት እሷም ስቃ ነበር። አሁን አልሳቀችም። ሽማግሌዎቹ ስሟን አልጠሩም። ስብሰባው ደግሞ ሐሙስ ነው። ለኔ ነው የመጡት ወይስ ለባህሩ? የተቃጠለውን ልብስ እንደያዘች አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የምትወደውን ሰው መጠርጠር እንዲህ ሆድ የሚያባባ መሆኑን አታውቅም ነበር።

* * *

"እንዴት ሆነ? ልቤ ሊወጣ ነው" ብሎ ጻፈላት ጌድዮን በዚያው ቀን።

ጻፈች፣ አጠፋች። ደግሞ ጻፈች፣ አጠፋች። በመጨረሻ "መልሱን ጋሼ ፍሬው ይንገሩህ" ብላ ላከችና ስልኳን ትራስ ሥር ከተተችው። ወዲያው አውጥታ አየችው። እሁድ ቸርችም መዝሙሩ መሃል አየችው። ሲደውል አላነሳችም፤ ሳይደውል ሲቀር ደግሞ ተናደደች። ወዳጄ አንባቢ፣ በዚህ አትፍረድባት፤ አንተም ያደረግኸው ቀን አለ።

መጀመሪያ የተገናኙት እዚያችው ወሽመጥ ላይ ነው። ባለፈው መስከረም ዶርካስ ከውሃው ለሚወጡት ፎጣ ታቀብል ነበር። ገደሉ ላይ ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች መሬት ይለካሉ። አንዱ የአማርኛ መዝሙር ሲሰማ መሣሪያውን ትቶ ወረደ። የራስ ቁሩን አውልቆ፣ ጫማው አሸዋ እየሞላ፣ "ይቅርታ፣ ላግዝሽ?" አላት። እስከ መጨረሻው ተጠማቂ ድረስ ፎጣ ታቅፎ ቆመ። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ቸርች ከኋላ ወንበር አይጠፋም ነበር። ዘንድሮ ፕላኑ ይፋ ሲወጣ ግን ስሙ ፕላኑ ላይ ተገኘ። አቶ ንጋቱ በጉባኤ ፊት "ለካስ ሊለካን ነው የመጣው" አሉ። ጌድዮን ዳግመኛ ቸርች አልረገጠም። ከዶርካስ ጋር ግን በድብቅ ይገናኛሉ።

ሰኞ በምሳ ሰዓቷ እንገናኝ ብሎ ጽፎላት ሳንታ ሞኒካ፣ የባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ ላይ ጠበቃት። ከምትሠራበት ሆስፒታል እስከዚያ በእግር ነው የመጣችው፤ መንገዱን ሁሉ የምትለውን ስታዘጋጅ ነበር። ስታየው ሁሉም ጠፋባት። ጺሙን አልተላጨም።

"ለምንድነው የማታነሺው?"

"ሥራ ላይ ነበርኩ።"

"እሁድ ሥራ የለሽም ዶርካስ።"

አጠገቡ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን መሃላቸው አደረገችው። "ጌዲ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እውነቱን ንገረኝ፣ ኦኬ? ሽማግሌዎቹን ያስላከህ አለቃህ ነው?"

"ምን?"

"ኤልደርስ አምጣ ብሎህ አልነበር? ሶ... ልክ ስብሰባው ሊደርስ ሲል፣ ልክ በዚህ ሳምንት..."

ጌድዮን እንደማያውቃት ሰው አያት። ያ አስተያየት ኋላ ሌሊቱን ሁሉ ከዓይኗ አልጠፋ አለ።

"ጋሼ ሰልማን ሐረር ጎረቤታችን ነበሩ" አላት። "አባቴ ሲሞት መቃብሩን ያስቆፈሩት እሳቸው ናቸው። ከሳን ዲዬጎ ድረስ ድራይቭ አድርገው የመጡት ለቱቦ መሰለሽ?"

"እንዴት ልወቅ? ስሜን አልጠሩም እኮ!"

"አባትሽ መቼ አስጠሯቸው? እሳቸው ይጠርጥሩኝ፤ አያውቁኝም። አንቺ ግን?"

ልቧ እፎይ አለ፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ደነገጠ። ለኔ ነው። ለኔ ነበር የመጡት! ደስታው ሳይደርስላት ጥፋቷ ቀደመ። የተሸነፈ ሰው ደግሞ ዝም አይልም፤ ክርክር ይፈልጋል።

"ታዲያ ስብሰባው እስኪያልፍ መጠበቅ አቃተህ?"

"ካለፈ በኋላ ብልክ ወይ አሸንፌያቸው ነው የምመጣው ወይ ተሸንፌ። አሸንፌ ከመጣሁ ንቀት ይመስላል፤ ተሸንፌ ከመጣሁ ምሕረት ልመና። ምንም ሳይወሰን፣ እንደ አንድ ሰው ልጠይቅሽ ፈለግኩ። እሱም ወንጀል ሆነ።" ተነሣ። "ለጋሼ ፍሬው ደውዬ ሽምግልናው ይቅር እላቸዋለሁ። አንቺም ትገላገያለሽ።"

"ጌዲ፣ ቆይ..."

ባቡሩ በሩን ከፍቶ ቆሞ ነበር። ገባ። በመስኮቱ በኩል እንኳ አልዞረም።

ዶርካስ የሆስፒታል አስተርጓሚ ናት። አስተርጓሚ የራሱ ቃል የለውም፤ ሕመምተኛው "አመመኝ" ካለ እሷም "አመመኝ" ነው የምትለው። ያን ቀን ከሰዓት አንዲት እናት ለሐኪሙ "እዚህ ጋ ደረቴን ይጫነኛል፣ አየር ያጥረኛል" አሉ። ዶርካስ እንደ ሁልጊዜው "ደረቴን ይጫነኛል፣ አየር ያጥረኛል" ብላ በእንግሊዝኛ ተናገረች። ሐኪሙ ቀና ብሎ ያየው እናቲቱን ሳይሆን እሷን ነበር።

* * *

ሐሙስ የቸርቹን ቫን አቶ ንጋቱ ራሳቸው ነዱት። ከጡረታ በፊት ዕድሜ ልካቸውን ከኤርፖርት ሰው ያመላልሱ ስለነበር መሪ ሲይዙ ደስ ይላቸዋል። ከኋላ ነጭ የለበሰው ጉባኤ ይዘምራል። ዶርካስ ከፊት፣ ከአባቷ አጠገብ፣ የተቃጠለውን ልብስ ለብሳለች። ለሌላ ሰው እንዴት ትስጠው?

"ይሄን ምን አደረግሽው?" አሏት ጠባሳውን እያዩ።

አሁን ንገሪው። አሁን!

"ካውያ ረስቼ።"

"አንቺ? ካውያ?" ራሳቸውን ነቀነቁ። "እናትሽ ብትኖር ትስቅብሽ ነበር።"

አፏን ከፈተች፤ ምን ልትል? "የመለስካቸው ሽማግሌዎች ለኔ ነበር የመጡት" ትበል? የላከው ሰው ራሱ ሽምግልናው ይቅር ብሏል። ያልተጠየቀች ሴት አባቷን በምን አፏ ትወቅሳለች? ሁለት ጊዜ "አባዬ" ብላ ጀመረች፤ ሁለቱንም ጊዜ "ምነው?" ሲሏት "ምንም" አለች። የባህሩ ንፋስ በመስኮት ገብቶ ልብሷን ያራግበዋል። መኪናው በሄደ ቁጥር ስብሰባው ላይ ወዳለው ጌድዮን እየቀረበች መሆኑን ታውቃለች፣ ግን ከሱ የራቀችውን ርቀት የሚመልስላት መንገድ አልታያት አለ።

* * *

የሳን ኤልሞ የገበሬዎች አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። የእርሻ ቦት ያደረጉ ሴቶች፣ ጨው የበላው ጃኬት የለበሱ ዓሣ አጥማጆች፣ "ዳርቻችንን ተዉልን" የሚል ሰሌዳ የያዙ ልጆች። ነጩ ጉባኤ ሲገባ አዳራሹ አጨበጨበ። በየዓመቱ በእርሻዋ በኩል በሩን የምትከፍትላቸው አሮጊቷ ገበሬ ሊንዳ አቶ ንጋቱን አቅፋ ወንበር ያዘችላቸው።

ቦርዱ የስፓኒሽ አስተርጓሚ አዘጋጅቷል፤ አማርኛን ያሰበ የለም። የገዛ ዘመድን ማስተርጎም በሙያዋ አይፈቀድም፣ ግን ሌላ ከየት ይምጣ? ዶርካስ ከማይክሮፎኑ ጎን ቆመች።

ጌድዮን ከኩባንያው ሰዎች ጋር ከፊት ተቀምጧል። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። እሱ ቀድሞ ዓይኑን ሰበረ። ጥግ ላይ ደግሞ ሦስት ሱፍ ለባሾች ተደርድረዋል። ጋሼ ፍሬው! እዚህ ምን ይሠራሉ? ባዶ ወንበር እያለ ሦስቱም ቆመዋል።

ጌድዮን ተጠርቶ ተነሣ። ኩባንያው እሱን የመረጠው ሀበሻ ስለሆነ ነው፤ ሁሉም ያውቃል፣ እሱም ያውቃል። በእንግሊዝኛ ነበር የተናገረው።

"ጥናታችን ይህ ወሽመጥ አልፎ አልፎ የሚመጡ ጎብኚዎች እንጂ የሚገለገልበት ማኅበረሰብ የለውም ይላል። ይህ ስህተት ነው። እዚህ ቦታ ላይ ሰዎች ሲጠመቁ ቆሜ ፎጣ ይዤላቸዋለሁ። ቱቦውን ከወሽመጧ ማራቅ ይቻላል፤ ወጪው ይጨምራል እንጂ ይቻላል።" አለቃው አንገቱን አዙሮ አየው። ሊንዳ አጨበጨበች። ጌድዮን እጁን አነሣ። "አታጨብጭቡልኝ፤ አልጨረስኩም። ያደግሁት ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ነው። እናቴ ጄሪካን ይዛ ወረፋ ላይ ይነጋባታል፤ ውሃው አንዳንድ ቀን እሷ ጋ ሳይደርስ ይቆማል። ስለዚህ ይህ ጣቢያ መሠራት አለበት ብዬ አምናለሁ። ባይከፍሉኝም እንዲህ ነው የምለው።"

ያጨበጨበለት የለም። በአንድ ንግግር ሁለቱንም ወገን አስቀየመ። ዶርካስ ግን እንደዚያ ቀን ወድዳው አታውቅም። ወይኔ፣ ይሄን ሰው ነው የጠረጠርኩት!

የአቶ ንጋቱ ተራ ደረሰ። በአማርኛ ጀመሩ፤ ዶርካስ ተከተለች።

"ስሜ ንጋቱ ነው። ቤቴ የኪራይ ነው። ቸርቻችን የኪራይ ነው፤ እሁድ ጠዋት የባለቤቶቹ፣ ከሰዓት የኛ። በዚህ አገር ስኖር የኔ ነው ብዬ ያለ ኪራይ የቆምኩበት ቦታ ይሄ ባህር ብቻ ነው። ባለቤቴ እታለም እዚህ ነው የተጠመቀችው። ውሃው ቀዝቃዛ ነበርና ጮኸች፤ ከዚያ ሳቀች። አሁን በሕይወት የለችም። ሳቋ ግን እዚህ ነው ያለው።"

ዶርካስ እናቷን "ባለቤቴ" ብላ ተረጎመች። "አሁን በሕይወት የለችም" ስትል ድምፅዋ ተሰበረ፤ ቢሆንም ቃል አልዘለለችም።

አቶ ንጋቱ ወደ ጌድዮን ዞሩ። ድምፃቸው ቀነሰ። "ይህ ልጅ ጉባኤያችን ውስጥ ተቀምጦ ለካን። አልበቃው ብሎ ቤቴ ሽማግሌ ሰደደ። ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳይረግጥ።"

ይህን ዶርካስ አልተረጎመችውም።

"ኢንተርፕሪተር?" አለች የቦርዱ ሰብሳቢ። "ምን አሉ?"

ዶርካስ ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ አለች። ቀና አለች። ደግሞ ጎንበስ አለች። የተቃጠለውን የልብሷን ደረት በእጇ ጨበጠችው።

"ቀጥሎ ያለውን የሚለው አባቴ ነው" አለች በእንግሊዝኛ። "እኔ አይደለሁም። ያ መመዝገብ አለበት። አባቴ ይህ ሰው ደጄን እንዳይረግጥ ይላል። እኔ ይርገጠው እላለሁ።"

አዳራሹ አጉረመረመ። አቶ ንጋቱ የአየር ማረፊያ እንግሊዝኛቸው ይበቃቸዋል፤ ልጃቸውን አፍጥጠው አዩ። ጌድዮንም ቀና አለ። ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አያት፤ ዓይኑን ሳይሰብር አያት። ምነው ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ በዋጠቻት፣ ደግሞም ምነው ማንም ባላስቆማት!

"ቀጣይ ተናጋሪ፣ ሚስተር ፍሬው" አለች ሰብሳቢዋ ግራ እንደተጋባች።

ጋሼ ፍሬው መጡ። ሁለቱ ጓደኞቻቸውም ተከተሏቸው። ማይክሮፎኑ ጋ ሲደርሱ ሦስቱም ለቦርዱ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ አቶ ንጋቱ ዞሩ።

"አቶ ንጋቱ፣ ቅዳሜ ቆመን መጥተን ቆመን ሄድን። እስካሁንም ቆመናል። ልጁ ሰኞ ደውሎ ጋሼ፣ ሽምግልናው ይቅር አለኝ። እኔም፣ ልጄ፣ ሽማግሌ እንደ ኡበር ካንስል አይደረግም አልኩት። ጨዋ ሰው ነውና ፊትዎ ቆሞ ራሱ አልተናገረም፤ እኛም ቤትዎ ስንመጣ ጊዜ አላገኘንም። እዚህ ግን ሁለት ደቂቃ ለሁሉም ይሰጣል አሉን፤ ተመዘገብን።"

ዶርካስ ትተረጉማለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል እንጂ የምትለውን ራሷም አትሰማም።

"የላከን ለባህር አይደለም" አሉ ጋሼ ፍሬው። "ስለ ባህሩ እኔም ከእርስዎ ጋር ነኝ። ኩባንያውን አናውቀውም፤ እሱም አያውቀንም። ጌድዮን የላከን ልጅዎን ዶርካስን ለትዳር እንድንለምንለት ነው።"

ዶርካስ ከማይክሮፎኑ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

"ኢንተርፕሪተር?" አለች ሰብሳቢዋ። "እባክሽ።"

ዶርካስ ዓይኗን ጨፈነች። በሆስፒታል የሰው ሞት ተርጉማለች፤ ልጅ መውለድ ተርጉማለች። እንዲህ ያለ ግን ደርሶባት አያውቅም። "የመጡት..." አለች፣ "የመጡት እኔን ለመለመን ነው። ለሚስትነት። ለሱ።" በጣቷ ጌድዮንን አሳየች።

"ይሄ ከአጀንዳው ጋር ግንኙነት አለው?" ጠየቀች ሰብሳቢዋ።

"ያስጨርሷቸው!" ብላ ጮኸች ሊንዳ።

ሁለት ደቂቃው ማለቁን የሚነግረው ቀይ መብራት በራ። ሦስቱ ሽማግሌዎች አልተነቃነቁም። ጋሼ ሀይለገብርኤልም ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

አቶ ንጋቱ ፊታቸው ተለዋወጠ። መጀመሪያ ቁጣው ወጣ፤ ከዚያ የቅዳሜውን ነገር እንደገና ሲያስታውሱት፣ በገዛ ቤታቸው የማን ስም ሳይጠራ እንዳስቀሩ ሲገባቸው ታየ። ለልጃቸው ሳይሆን መጀመሪያ ለጌድዮን ነው የተናገሩት።

"አንተ ልጅ። እሷን ብሰጥህ ባህሩን ትተዋለህ?"

ጌድዮን ተነሣ። "አልተወውም ጋሼ። ወሽመጧ እንድትተርፍ እታገላለሁ፤ ውሃው ግን መውጣት አለበት እላለሁ። ዋሽቼ ልጅዎን አልወስድም።"

ከነጩ ጉባኤ ውስጥ አንዲት እናት "ውይ፣ ምናለ እሺ ቢል!" ብለው ለራሳቸው አጉተመተሙ። ዶርካስ አባቷን አየች። ሄደ፣ አለቀ፣ በገዛ አፉ ገደለኝ። አቶ ንጋቱ ወደ እሷ ዞሩ።

"ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር አባዬ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዴት ልንገርህ? መልሰሃቸው እኮ ነው።"

ደረቷ ላይ ያለውን ጠባሳ አዩ። "ካውያውን ያስረሳሽ ይሄ ነው?"

"ይሄው ነው" አለች፤ ከዚያ በላይ መቻል አቅቷት እንባዋ ወረደ።

አቶ ንጋቱ እጃቸውን ወደ ፊታቸው ወሰዱ፤ ግንባራቸውን ጠረጉት። "እናትሽ ብትኖር ዛሬ እኔ ላይ ነበር የምትስቀው" አሉ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ቀረቡ። "ከዚህ ልጅ ጋር ስለ ባህሩ ገና ብዙ እንጣላለን። ለልጄ ብሎ እሺ ቢለኝ ኖሮ አልሰጠውም ነበር። እሺ የሚለኝ ሰው ሞልቶኛል።" ከፊት ረድፍ ሦስት ወንበር በገዛ እጃቸው ጎትተው አመጡ። ደረደሯቸው። ድምፃቸው እንደገና ቀነሰ፤ በዚህ ጊዜ ግን ከቁጣ አልነበረም።

"ተቀመጡ።"

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ጋሼ ፍሬው መጀመሪያ ተቀመጡ፤ ጋሼ ሰልማን "አልሐምዱሊላህ" ብለው ተከተሉ፤ ጋሼ ሀይለገብርኤል ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው አረፉ። ነጩ ጉባኤ እልልታውን አቀለጠው። ገበሬዎቹ አንዳች አልገባቸውም።

"ኢንተርፕሪተር፣ ምን አሉ?" አለች ሰብሳቢዋ በእልልታው መሃል።

"ተቀመጡ ነው ያሉት" አለች ዶርካስ። እያለቀሰች ስለሆነ ሰብሳቢዋ እንደገና ጠየቀቻት። "ተቀመጡ። እሱን ብቻ ነው ያሉት።"

የባህሩ ጉዳይ በዚያ ቀን አልተወሰነም፤ ቦርዱ ለሌላ ስብሰባ አስተላለፈው። የጌድዮን አለቃ ቦርሳውን አንሥቶ ያለ ቃል ወጣ፤ ጌድዮንን ነገ ቢሮ ምን እንደሚጠብቀው ማንም አያውቅም። ሁሉም ሰው ሲቀመጥ ጌድዮን ብቻ ቆሞ ቀረ። ማንም ተቀመጥ አላለውም። ዶርካስም አላለችውም፤ እንደዚያ ቆሞ ሲያያት ትንሽ እንዲቆይላት ፈለገች።